መምህርና ነርስ ሲታመሙ፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከዚህ በፊት መንዝ ውስጥም፣ ወደ ሸዋ ሮቢት በኩልም ሠርተናል። መምህርና ነርስ ባሉበት ቤት ጥያቄ አይጠፋም። ቡና ሲፈላ አንዱ ጉሮሮውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ወገቧን ይዛ። "ምነው?" ስንል መልሱ አንድ ነው፦ "ምን ይደረግ፣ ሥራው ነው!"

ይህን ገጽ የጻፍኩት "ሥራው ነው" በምትለው መልስ ስለማልስማማ ነው። ሕመሙን ያመጣው አሠራሩ ከሆነ፣ አሠራሩ ሲስተካከል ሕመሙም ይቀንሳል። ጥያቄዎቹን የሰማኋቸው ከመምህራን ማረፊያና ከተረኛ ክፍል ነው። የሕክምናውን ጉዳይ ባለቤቴ አንድ በአንድ አይታልኛለች።

ድምፄ በየሴሚስተሩ አጋማሽ ይጠፋል። ጉንፋን ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ጉንፋን ከሆነ በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይለቃችኋል። በየሴሚስተሩ የሚመላለስ ከሆነ ግን የደከመው የድምፅ አውታራችሁ ነው። ማንቁርት ውስጥ ያሉ ሁለት ቀጫጭን እጥፋቶች ናቸው። ወንድ ሲናገር በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ፣ ሴት ስትናገር 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። ስንጮህ ደግሞ በኃይል ይጋጫሉ። በቀን አምስት ስድስት ክፍለ ጊዜ እንዲህ ሲጋጩ ያብጣሉ። ዓመታት ሲያልፉ መጅ ያወጣሉ፤ ዶማ የሚጨብጥ እጅ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ድምፅ የሚሻክረው ያኔ ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ሰኔ ላይ ድምፄ ጭራሽ ጠፋ። ፈተና ደርሶ ስለነበር ያኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት እረፍት አልሰጠኝም። ሁለት ሳምንት በሹክሹክታ አስተማርኩ። ድምፄን ያሳረፍኩ መስሎኝ ነበር። በኋላ የአንገት በላይ ሐኪሙ የነገረኝ ተቃራኒውን ነው። ሹክሹክታ አውታሩን ያስጨንቀዋል እንጂ አያሳርፈውም። ድምፅ የሚያርፈው ዝም ሲሉ ነው። የእኔም የተመለሰው ክረምቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያወራሁ ነው።

አሁን ክፍል ስገባ የውኃ ኮዳ ይዤ እገባለሁ። ተማሪ ሲንጫጫ አልጮህም፤ ሁለት ጊዜ አጨበጭብና ዝም ብዬ እቆማለሁ። ጉሮሮዬን "እህህ" እያልኩ መጥረግም ትቻለሁ፤ እሱም አውታሩን ያጋጨዋል። ሰኔ ላይ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ከዝናብ ጋር አልፎካከርም። ሰሌዳ ላይ እጽፍና ያንን ክፍለ ጊዜ የልምምድ አደርገዋለሁ።

በመመዘኛው አንድ ክፍል በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ እንዲይዝ ነው የታሰበው። ከዚያ በላይ ለታጨቀበት ክፍል አንዲት በወገብ የምትታጠቅ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ትልቅ ነገር ናት። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ገንዘብ ሲያዋጣ ይህንንም አንሱ። ለቅንጦት የሚጠየቅ ዕቃ አይደለም።

የጦስኝ ሻይና ማር ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ጠጡ፣ ደስ ይላል። መጁን ግን አያጠፉም። ድምፃችሁ ሻክሮ 3 ሳምንት ካለፈው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሂዱ። ደም የቀላቀለ ሳል፣ የመዋጥ ችግር ወይም አንገት ላይ እብጠት ካለ ሦስቱን ሳምንትም አትጠብቁ።

ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ድምፄን ምን ላድርገው?

ማታ ላይ በደንብ ጠጡ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን እስክትተኙ ድረስ በየመሀሉ። ብዙ ማውራት የሚጠይቀውን ትምህርት ጠዋት አድርጉት። ከሰዓት በኋላ የቡድን ሥራና ደብተር ማረም ይሁን። ስኳር፣ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ማነጋገር አለበት። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሥርዓት አላት፤ ማፈር አያስፈልግም።

የጠመኔ አቧራ ሳንባ ይጎዳል?

ጤነኛ ሳንባን ከማስነጠስና ከማሳል አልፎ ብዙም አይጎዳም። አስም ወይም ሳይነስ ላለበት ግን ጠላት ነው። መላው ቀላል ነው። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ዳስተሩን ግድግዳ ላይ እያራገፋችሁ አቧራውን መልሳችሁ አትተንፍሱት። ይህን ሥራ ሁልጊዜ ለፊት ወንበር ልጆች መስጠትም ይቅር፤ ከእነሱም መካከል አስም ያለበት ይኖራል።

መርፌ ወጋኝ። አሁኑኑ ምን ላድርግ?

ይህን ገጽ ከምታነቡ ጤና ባለሙያዎች ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ትወጋላችሁ። ስለዚህ ሳይደርስባችሁ በፊት አንብቡት።

ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ። አትጭመቁት፣ በረኪና አታፍሱበት፣ አትቁረጡት። ዓይን ውስጥ ከተረጨ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ከዚያ ያዛችሁትን ሥራ ለባልደረባ አስረክባችሁ ወዲያው ወደ ኤአርቲ ክፍል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ወደሚሰጥበት፣ ሂዱ። "ዲዩቲው ይለቅና" አይባልም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ፣ ፔፕ የምንለው፣ በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም። ከተጀመረ ደግሞ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል።

ልብ የሚያረጋጋውን ቁጥርም እወቁት። ኤችአይቪ ካለበት ሰው በመርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች መድኃኒት ባይወስዱ እንኳ የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። የሚያሳስበው ሌላው ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ካለበት ሰው በተወጉና ክትባት ባልወሰዱ 100 ሰዎች መካከል፣ እንደ ታማሚው የቫይረስ መጠን፣ ከ6 እስከ 30 የሚሆኑት ይያዛሉ። ሰው ሁሉ ኤችአይቪን ይፈራል፤ ጉበቱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የጉበት ቢ ክትባት ሦስት ዙር ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ክትባት ሳይወስዱ የተወጉ ሰዎችም ወዲያው ከጀመሩ ይጠቅማቸዋል። የጽዳት ሠራተኞችን አትርሱ። ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ መርፌ የሚወጋው እነሱን ነው፤ ክትባቱ ሲሰጥ ግን ስማቸው ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ባለቤቴ የተወጋችው ሌሊት ነው፣ መርፌውን መልሳ ስትከድን። ለማንም አልተናገረችም። ያፈረችው "ጥንቃቄ የላትም" እንዳይሏት ነው። ለእኔ የነገረችኝ በማግስቱ ማታ ነበር። ተያይዘን ሄድን፤ ሰዓቱ አላለፈም ነበር። ያቺን ሌሊት ብቻዋን እንዴት እንዳሳለፈቻት ሳስብ እስከ ዛሬ ይከፋኛል። እባካችሁ፣ የተወጋ ባልደረባችሁን አትቆጡት። መድኃኒቱን ይጀምር፣ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ወቀሳ የሰማ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲወጋ ይደብቃል።

መርፌ አይከደንም። ሴፍቲ ቦክስ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ አጠገባችሁ ይሁን፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸግ።

የአዳር ተረኛ ክፍል በጣም ይበርዳል። ከሰል ብናስገባስ? ፍሙ ከጠራ ችግር የለውም ይባላል።

አለው። ይህን በደማቁ ልጻፈው፦ ጥርት ያለ ፍምም ይገድላል።

የደብረ ብርሃን ብርድ ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የመንዝ ደጋማ ቀበሌዎችማ ከዚህም ይብሳሉ። በዚያ ብርድ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማያያዝ ያጓጓል። ነገር ግን ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ጭሱ ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። ኦክስጅን መያዝ የሚገባውን የደም ክፍል ይይዝበታል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ደግሞ ይህን ሳያውቅ ይቀራል። ለነፍሰ ጡር ከሁሉም ይከፋል፤ ጽንሱንም ይጎዳል።

አንድ ሰው በከሰል ከታፈነ ወደ ውጭ አውጡት፣ ኦክስጅን ወዳለበት አድርሱት። ሎሚ ማሽተት አይተካውም።

ብርዱንስ? ወፍራም ካልሲ፣ ጋቢ፣ ያገኘ ደግሞ የመንዝ ባና። ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ሌሊቱን ያሳልፋል። መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ በቃል የተጠየቀ ነገር ክረምት መጥቶ ክረምት ሲሄድ እዚያው ነው።

ለቲቢ ሲባል መስኮት ክፈቱ ትሉናላችሁ። በዚህ ብርድ እንዴት ይሆናል?

ገባኝ። ግን ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። የታጨቀ ተመላላሽ ክፍል፣ የታጨቀ የትምህርት ክፍል፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሙሉ ቀን መክፈት ካልተቻለ ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶች ወይም በርና መስኮት ይከፈቱ፣ ንፋሱ እንዲያልፍ። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ አምስት ደቂቃ እንኳ ይረዳል። ለሚያስለው ታማሚ ተራ ማስክ ስጡ፤ ከእሱ የሚወጣውን ይቀንሳል። እናንተን ከቲቢ የሚከላከለው ግን ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ኤን 95 ነው። መምህርም ሆነ ነርስ ሳል ከያዘው ሁለት ሳምንት ካለፈ አክታውን ይመርመር።

ከደጋ ወደ ቆላ ተመደብኩ። ለምን እጠንቀቅ?

ለወባ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጣርማ በር ወርዶ የሚደርሰው ሰው ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሄደ ያህል ነው። ከመንዝ ወይም ከደብረ ብርሃን የሄደ ሰው ሰውነቱ ወባን አልለመደም። ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ አጎበር ሥር ተኙ። ትኩሳት ከተሰማችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። ለበዓል ወደ ደጋ ቤታችሁ ተመልሳችሁ ካተኮሳችሁ ደግሞ "ቆላ ነበርኩ" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ካልነገራችሁት በደጋ ወባ መኖሩን ላያስብ ይችላል።

ወገቤ አለቀ። ታማሚ የማነሣው እኔ ብቻ ነኝ።

ብቻችሁን አታንሱ። ከአልጋ አልጋ የሚተላለፍ ሰው በአንሶላ ተይዞ ይሳባል እንጂ በብብት አይነሣም። አስታማሚውን አስተምሩትና ያግዛችሁ። ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ፣ ከወገብ አትጠምዘዙ። ወገብ ሲያም ለቀናት አልጋ ላይ መዋል አይመከርም፤ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይሻላል። እግር ከደከመ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ሽንት ቤት ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ይዤ እውላለሁ። ይጎዳል?

ይጎዳል። ይህን የሚጠይቁኝ ሴት መምህራንና በየቤቱ የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ሁልጊዜም በለሆሳስ። ሽንት ላለመሽናት ውኃ ይተዋሉ። ውኃ ሲተዉ ሽንቱ ይወፍራል፣ ባክቴሪያ ለመራባት ጊዜ ያገኛል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመጣል። ሲሸኑ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ ማለት፣ ጎን ላይ ሕመምና ትኩሳት ምልክቶቹ ናቸው። ለነፍሰ ጡር ያለዕድሜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል።

በሩ የሚዘጋ፣ ውኃ ያለው የመምህራን ሽንት ቤት የጤና ጉዳይ ነው። ርዕሰ መምህራን ሆይ፣ አብዛኞቻችሁ ወንዶች ናችሁና ይህን ነገር ሳትጠየቁ አስቡት።

ሥራዬን እወደው ነበር። አሁን ተማሪም ታማሚም ሳይ ይሰለቸኛል። ሰነፍኩ ማለት ነው?

አይደለም። ሰነፍ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ይህን ነገር፣ በእንግሊዝኛ በርንአውት የሚባለውን የሥራ መሰላቸት፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ብሎ ሳይሆን። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ተኝቶም የማይወጣ ድካም። ሁለተኛ፣ ከሥራውና ከሰዎቹ ልብን ማራቅ፤ "አልጋ 4" ማለት እንጂ ስሟን አለመጥራት። ሦስተኛ፣ የምሠራው ምንም አይረባም ማለት።

እዚህ የሚያመጣውን እናውቀዋለን። ደመወዝ ወሩን አያደርስም። መድኃኒት የለም፣ ታማሚው የሚቆጣው ግን ነርሷን ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ የኑሮና የደመወዝ ጥያቄ ያነሡት ለዚህ ነው። ስለዚህ "ዮጋ ሥሩ" ብዬ አልሸነግላችሁም። እረፍትና እንቅልፍ ይረዳሉ። ምክንያቱን ግን አያነሡትም።

ልትጀምሩት የምትችሉት ይህ ነው። የዓመት ፈቃዳችሁን ውሰዱ፣ አታጠራቅሙት። ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚመጣውን የቴሌግራም ትእዛዝ ለነገ አሳድሩት። በሳምንት አንድ ቀን ከባልደረቦች ጋር ቡና አፍሉና ያስከፋችሁን ተነጋገሩ፤ ማማት ሳይሆን መተንፈስ። ተረኛ ፕሮግራም ሲወጣ አብራችሁ ተቀመጡ። ሁለት ተከታታይ አዳር ለአንድ ሰው ሁልጊዜ የሚደርሰው የሚናገር ስላልነበረ ነው።

ድካሙ ወደ ተስፋ መቁረጥ ከሄደ፣ ሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ ካላላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ሞትን ካሰባችሁ፣ ያ ድብርት ሊሆን ይችላል። የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ሞትን የሚያስብ ባልደረባ ካላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውንም አትተዉት።

ተኩስ ከሰማን ወዲህ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ጊዜው ሲረዝም ይለቀኝ ይሆን?

አጣዬ በ2013 ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ከዚያም ከነሐሴ 2015 ወዲህ፣ በዚህ ዞን ያላየ የለም። ጤና ተቋሙን ጥሎ ያልወጣ ነርስ፣ ተማሪዎቹን ወለል ላይ ያስተኛ መምህር፣ ሁሉም የየራሱን ተሸክሟል።

ከአደጋ በኋላ መደንገጥ፣ ቅዠት፣ መቆጣት የጤነኛ አእምሮ ምላሽ ነው። ብዙ ሰው በሳምንታት ይረጋጋል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ሥራና ቤተሰብ ካወከ፣ ሕክምና ይፈልጋል፤ ሕክምናም አለው። አንድ ነገር ግን አደራ። ሰውን "የሆነውን ሁሉ ንገረን" ብላችሁ አታስገድዱት። መናገር ሲፈልግ ስሙት። እስከዚያው ምግብ፣ መኝታ፣ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ይበቃዋል።

ጠበል ጀምሬያለሁ። የአእምሮ መድኃኒቱን ላቁም?

አታቁሙ። ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም እዚሁ አገራችን ናቸው፤ እኔም እሄዳለሁ። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ያስቸግራል። ይዛችሁት ሂዱ። "ጣለው" የሚል ሰው ከመጣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ሐኪሙንም ጠይቁ።

ብርድና ጭንቀቱን በካቲካላ ነው የማልፈው።

ካቲካላ የሚያሞቅ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ሙቀቱን ወደ ቆዳ አውጥቶ መበተን ነው። እንቅልፍም ያመጣል፣ ሌሊት ላይ ግን ይሰብረዋል። በየማታው ከሆነ፣ ጠዋት እጅ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ አቁሙ አልልም። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። በሐኪም ክትትል አቁሙ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የምሠራው የግል ተቋም ውስጥ ነው። አዳር ሊያስገቡኝ ይችላሉ? ሥራ ላይ ብጎዳስ?

አይችሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትንም ይከለክላል። የወሊድ ፈቃዱ ከደመወዝ ጋር 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው። ባልም 3 ቀን አለው።

ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ በዚሁ አዋጅ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። የመንግሥት ተቀጣሪ ደግሞ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራል፤ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቁ። በሁለቱም በኩል ግን ያለ ማስረጃ ክርክር ያስቸግራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየውን ሰው ስም ጽፋችሁ ያዙ። ማመልከቻ ስታስገቡ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱበት።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ከአዳር ስትመጣ ምን ላድርግላት?

ይህን የሚጠይቁኝ ወንዶች ጥቂት ናቸው፤ ስጠየቅ ደስ ይለኛል።

"እንዴት አደርሽ?" በሉና እዚያ ላይ አቁሙ። ወሬውን ስትነቃ ትነግራችኋለች። ለእግሯ ሙቅ ውኃ አዘጋጁ። ቁርሱ ቀለል ይበል፣ ቡናው ይቆይ። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቡበት፣ ክፍሉ ይጨልም። ስልኳን ውሰዱትና ዘመድ ከደወለ እናንተ አንሡ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት የምሄደው ገበያ ነው፤ ስንመለስ በሩን በዝግታ ነው የምንከፍተው።